ስምንተኛዋ ጭረት

እንግሊዝ አገር፣ ሃርልዊክ በምትባል ትንሽ መንደር፣ ሜዳ መሐል ብቻዋን በቆመች ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፤ የቤተ ክርስቲያኗ ቁልፍ ያዥ ስኂን፣ ትናንት ከደብረ ታቦር ከመጣው ታናሽ ወንድሟ ከይርዳው ጋር ረፋዱ ላይ ትከራከራለች።

ይርዳው፦ እትዬ፣ ሻንጣሽን አዘጋጂ አልኩሽ እኮ! እምዬ ትፈልግሻለች፤ ዛሬ ማታ እንነሣ።

ስኂን፦ ኧረ ቀስ! ነገ የቅርስ ሊቃውንት ግድግዳውንና ምሰሶዎቹን ሊመረምሩ ይመጣሉ። ቁልፉ ደግሞ እኔ ዘንድ ነው።

ይርዳው፦ ለጎረቤት ስጪዋ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ።

ስኂን፦ ምኔ ነው ያረረው?

ይርዳው፦ ምንም… ተረቱን ነው። ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ደብሩን ሜዳ ላይ ጥለው ከወንዝ ማዶ የሚሰፍሩት?

ስኂን፦ መንደሩማ እዚሁ ነበር። በመስኮቱ እይ፤ ሣሩ ጉብ ጉብ ያለበት ሁሉ የቤት መሠረት ነው። የዛሬ ስድስት መቶ ሰባ ዓመት ገደማ ወረርሽኝ ገብቶ ፈጃቸው። የተረፉት ቤታቸውን አቃጥለው ተሻገሩ። ቤተ ክርስቲያን ማን ደፍሮ ያቃጥላል? እሷ ብቻ ቀረች።

ይርዳው፦ እግዚኦ!

ስኂን፦ ና፣ ይሄን ምሰሶ ዳስሰው። አንዲት እናት ናት አሉ። መጻፍ አታውቅ፤ ልጅ በሞተባት ቁጥር በቢላ ጫፍ አንድ ጭረት ትጭራለች።

ይርዳው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ስምንት። ስምንት ልጅ! አንጀቷ እንዴት ቻለው?

ስኂን፦ ሰባት ነው።

ይርዳው፦ ስምንት ነው እትዬ። ስንት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ቆጠራ ይጥፋኝ?

ስኂን፦ ለጎብኚ የምንሰጠው ወረቀት ሰባት ይላል።

ይርዳው፦ ወረቀቱ የፈለገውን ይበል። ደግሞ ይቺ የታችኛዋ ነጣ ትላለች፤ ገና አዲስ… እትዬ?

ስኂን፦ ምን?

ይርዳው፦ ምን አደረግሽ?

ስኂን፦ ልጄ ርብቃ በሞተች በአርባ ቀኗ ነው የጫርኳት። እናንተ እዚያ ድንኳን ተክላችሁ አለቀሳችሁላት። እዚህ ቀብሩ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። አባቷ ቀድሟታል፤ ጎረቤቶቹ ሻይ ጠጥተው፣ እጄን ጨብጠው ሄዱ። ክፉ ሆነው አይደለም፤ አገሩ እንዲህ ነው። ደረቴን ስመታ ማን እጄን ይያዘኝ? ምስማር ይዤ ወደዚች ሴትዮ መጣሁ።

ይርዳው፦ ቪዛ ከልክለውኝ እንጂ እኔ…

ስኂን፦ አውቃለሁ፤ አንተን አልከሰስኩም።

ይርዳው፦ ግን እኮ ቅርስ ነው እትዬ!

ስኂን፦ ለእነሱ ቅርስ ነው። ለእኔ ለቅሶ ቤቴ ነው።

ይርዳው፦ እንግዲያው ሆድ ይፍጀው። ሳይደርሱበት እንሂድ።

ስኂን፦ እንዲህማ አይሆንም። ዝም ካልኩ ለዚያች ምስኪን ስምንት ብለው ይጽፉባታል፤ ያልወለደችውን ያስቀብሯታል። የወለደችው አይበቃትም? እናገራለሁ። ቁልፉን ከቀሙኝም ይቀሙኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ይርዳው፦ እሱስ እውነትሽን ነው።

ስኂን፦ አንተስ መቼ ነው የምትናገረው?

ይርዳው፦ ምኑን?

ስኂን፦ ጢምህን ያሳደግክበትን። በየቀኑ ካልተላጨህ የሚያሳክክህ ሰው! ከትናንት ጀምሮ «እምዬ ትፈልግሻለች» ትላለህ፤ አንዴ እንኳ «እምዬ እንዲህ አለች» አላልክም።

ይርዳው፦ የመንገዱ ድካም ነው እትዬ…

ስኂን፦ ይርዳው።

ይርዳው፦ መርዶ ብቻውን የሚያረዳ ማን አለ? በማለዳ፣ ሽማግሌ ተይዞ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው። እኔ እዚህ ማንን ልያዝ? አገር ቤት አድርሼሽ፣ ሰው መሐል እንድትሰሚው ነበር። የፊታችን እሑድ አርባዋ ነው።

ስኂን፦ እናቴን! እናቴን! ወይኔ እናቴን!

ይርዳው፦ ደረትሽን ተይ እትዬ፤ እጅሽን ስጪኝ። አለሁ፤ ይዤሻለሁ።

ስኂን፦ ሳልቀብራት… ድምጿን እንኳ ሳልሰማ…

ይርዳው፦ አልቅሺ። የርብቃንም ጨምረሽ አልቅሺ።

ስኂን፦ ርብቃዬን! ልጄን!

ይርዳው፦ ምስማሩ የታለ? ለእምዬም እኔ ልጫርላት፤ የመጣው ይምጣ።

ስኂን፦ ተው ወንድሜ፣ ይሄ ምሰሶ የልጅ ነው። እናት አፈሯ ላይ ነው የምትለቀሰው። ነገ ሊቃውንቱን «ስምንተኛዋ የእኔ ናት» ልበላቸው፤ ከዚያ ቁልፉን አስረክቤ እንሄዳለን፤ ለእሑድ እንድረስላት።