ከባሕር መሐል የተላከ ሽማግሌ

(ጥድ አምባ አናት ላይ፣ ረፋድ፤ ከሩቅ ደሴት ለሽምግልና የተላከው የመርከብ ወጥ ቤት ዘርጋው በአቶ አሰግደው ደጃፍ ቆሟል፤ እሳቸው በርጩማ አውጥተውለታል።)

አሰግደው፦ ተቀመጥ ብዬሃለሁ እኮ።

ዘርጋው፦ አልቀመጥም አባባ። የመጣሁበት ሳይፈጸም አልቀመጥም።

አሰግደው፦ ጉልበትህ ይንቀጠቀጣል።

ዘርጋው፦ እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ቆሟል።

አሰግደው፦ የዚህን አምባ ዳገት ወጥቶ የሚቆም ሰው አላየሁም። የዛሬ ስድስት ዓመት አንድ ባለሥልጣን መጥቶ፣ እዚያች ድንጋይ ላይ ተኝቶ ነው ንግግር ያደረገልን።

ዘርጋው፦ እኔ የተላክሁት ለንግግር አይደለም። ልጅዎን ትርንጎን ለደሴቷ ልጅ ለዮናስ እንዲሰጡን ነው።

አሰግደው፦ እንዲሰጡን? ስንት ናችሁ?

ዘርጋው፦ አንድ።

አሰግደው፦ ሽማግሌ አንድ ይሆናል? አንድ እንጨት አይነድም፣ አንድ ሰው አይፈርድም ሲባል አልሰማህም? ቢያንስ ሁለት፣ ደንበኛው ደግሞ ሦስት ነው።

ዘርጋው፦ ያቺ ደሴት አማርኛ የሚያውቅ ሁለት ሰው ነው ያላት። አንዷ ትርንጎ ናት። ሙሽራዋ ራሷ ሽማግሌ ሆና ትምጣ?

አሰግደው፦ እሷን ቢልክማ ጥሩ ነበር። አስገብቼ በሩን እዘጋው ነበር።

ዘርጋው፦ በስልክ «በወጉ ሽማግሌ ይላክብኝ» ያሏት እርስዎ ነዎት።

አሰግደው፦ ብያለሁ። እዚያች ኔትወርክ ያለባት ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው ያልሁት። እንዳይመጣ ብዬ እኮ ነው! ከባሕር መሐል ሽማግሌ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

ዘርጋው፦ መጣ።

አሰግደው፦ አየሁት። ለመሆኑ አንተ ለልጁ ምኑ ነህ?

ዘርጋው፦ ምኑም አይደለሁም። የኮምቦልቻ ሰው ነኝ። ለደሴቷ እህልና ነዳጅ የሚያመላልስ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በሦስት ወር አንዴ እንደርሳለን። ዮናስን ጢም ሳያወጣ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

አሰግደው፦ በሦስት ወር አንዴ ታውቀዋለህ።

ዘርጋው፦ ሲደመር ብዙ ነው።

አሰግደው፦ እሺ፣ ደሴቷ የማን አገር ናት?

ዘርጋው፦ አገር እንኳ አይደለችም፤ ግዛት ናት። መንግሥቷ ከባሕሩ ማዶ ነው፣ ሩቅ።

አሰግደው፦ ሹሞቹ ይመጣሉ?

ዘርጋው፦ «እንመጣለን» ይላሉ።

አሰግደው፦ ይሄን ይሄን እናውቀዋለን። ነፋሱስ?

ዘርጋው፦ በግ ይጥላል።

አሰግደው፦ የኛው በግ ጥሎ እረኛም ይጨምራል። ጭጋግ?

ዘርጋው፦ አለ። እጅዎን ዘርግተው ጣትዎን አያዩም።

አሰግደው፦ እዚህ ደግሞ እጅህንም አታየው። መውጫ መግቢያውስ?

ዘርጋው፦ አንዲት ወደብ ናት። ማዕበል ሲነሳ ትዘጋለች፤ መርከባችን ከሩቅ ቆሞ ሳምንት ይጠብቃል።

አሰግደው፦ እኛም አንዲት መንገድ ነች ያለችን፤ ክረምት ሲገባ ትናዳለች። አንተ ዳገቱን ስትወጣ የያዝካት የጠፍር ገመድ አባቴ የሰቀላት ናት።

ዘርጋው፦ እሱን ስወጣ ቢነግሩኝ አልይዛትም ነበር።

አሰግደው፦ ለዚህ ነው የማልናገር። ምን ይበላሉ?

ዘርጋው፦ ድንች።

አሰግደው፦ በጾም ነው?

ዘርጋው፦ በጾም ድንች ነው። በፍስክ ድንች በበግ።

አሰግደው፦ በግ አላቸው?

ዘርጋው፦ ከሰው ይበዛል እንጂ! ትርንጎን በምን ወሰዷት ይመስልዎታል? ብርድ የማይፈራ የበግ ሐኪም ሲፈልጉ ነው ያገኟት። መጀመሪያ የደረሰች ዕለት ሁሉም ሲንቀጠቀጥ እሷ ነጠላዋን አውልቃ በግ ስታዋልድ አየኋት። እኔ በመርከቡ መስኮት ሆኜ ነው ያየሁት፤ በርዶኝ ነበር።

አሰግደው፦ የኔ ልጅ ናታ።

ዘርጋው፦ ማን ካደ?

አሰግደው፦ ቤተ ክርስቲያንስ አላቸው?

ዘርጋው፦ አንዲት አለች። ቄሱ በዓመት አንዴ በኛው መርከብ ይመጣል።

አሰግደው፦ በመካከሉ ሰው ሲሞትስ?

ዘርጋው፦ ራሳቸው ይቀብራሉ። ቄሱ ሲመጣ ለዓመቱ ሙታን ሁሉ ይጸልያል።

አሰግደው፦ በጅምላ።

ዘርጋው፦ ኧረ በየስማቸው፣ አንድ በአንድ እየጠራ።

አሰግደው፦ ቀባሪስ አላቸው?

ዘርጋው፦ ያን ቀን ሥራ የለም፣ ሁሉም ይወጣል። ሁለት መቶ አርባ ሰው።

አሰግደው፦ ሁለት መቶ አርባ ሰው ቆሞ ይቀብራል?

ዘርጋው፦ የታመመም ተደግፎ ይመጣል።

አሰግደው፦ እዚህ አምባ ላይ ስንት ሰው የቀረን ይመስልሃል?

ዘርጋው፦ ስወጣ ብዙ ቤት አየሁ።

አሰግደው፦ ቤቱማ አለ። ሰው ሠላሳ አንድ ነው። ከነዚያ ውስጥ ቃሬዛ መሸከም የሚችል አምስት። ባለፈው ክረምት ጎረቤቴን አባ ሸዋረገጥን ስንቀብር ሦስት ጊዜ መንገድ ላይ አሳርፈናቸዋል። አምስተኛው ተሸካሚ እኔ ነኝ፤ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው።

ዘርጋው፦ እግዚአብሔር ያበርታዎት።

አሰግደው፦ አሜን። አሁን ወደ ነገራችን። ዘር ቁጠር፣ እስከ ሰባት ቤት። ተዛምደን እንደሆን ልወቅ።

ዘርጋው፦ አጥንቼ መጥቻለሁ። ዮናስ አንድ። አባቱ ቶማስ ሁለት። የቶማስ አባት ዮናስ፣ የሱ አባት ቶማስ፣ የሱም አባት ዮናስ።

አሰግደው፦ ስም የላቸውም እንዴ ሌላ?

ዘርጋው፦ ደሴቷ ትንሽ ናት። ስድስተኛው ያዕቆብ ነው።

አሰግደው፦ ሰባተኛው?

ዘርጋው፦ ሰባተኛው የለም። ያዕቆብ ከተሰበረ መርከብ ላይ በሣንቃ ተንሳፎ ነው ደሴቷ የደረሰ። ከዚያ በፊት የማን ልጅ እንደነበር አልተናገረም፣ ማንም አልጠየቀውም።

አሰግደው፦ ስድስት ቤት ብቻ! ሰባት ያልሞላ ዘር ይዘህ ነው ይሄን ዳገት የወጣኸው?

ዘርጋው፦ ባይሞላም ከናንተ አይገናኝም። የደሴቷ ልጆች ችግር እኮ ይኸው ነው፣ ሁሉም የያዕቆብ የልጅ ልጆች ናቸው። ዮናስ ማግባት ሲፈልግ የሴቶቹን ዘር ቢቆጥር ሁሉም የአክስት ልጅ፣ የአጎት ልጅ ሆኑበት። «ዘመዴን አላገባም» ብሎ ሠላሳ አራት ዓመት ሞላው። እናቱ ሻማ ስትለኩስ ነው የኖረችው።

አሰግደው፦ ዘሩን ቆጥሮ ተወ?

ዘርጋው፦ ቆጥሮ ተወ።

አሰግደው፦ ማን አስተማረው?

ዘርጋው፦ ማንም።

አሰግደው፦ እህ። ይሄስ ሰው ያሳደገው ነው።

ዘርጋው፦ ይሄን ደግሞ ልኮልዎታል። ካልሲ ነው።

አሰግደው፦ ጥሎሽ ካልሲ ሆነ?

ዘርጋው፦ በገዛ እጁ ነው የሠራው። የደሴቷ ወግ ነው፤ ሙሽራ ለአማቱ ካልሲ ይሠራል። ጠርዙ ላይ ቀይ መስመር ያስገባል፤ አማቱን የሚፈራውን ያህል።

አሰግደው፦ ይሄ ዘጠኝ መስመር አለው።

ዘርጋው፦ ትርንጎ ስለ እርስዎ ነግራዋለች።

አሰግደው፦ ሱፉ የኛን በግ አይደርስም።

ዘርጋው፦ አይደርስም።

አሰግደው፦ እዚያ በርጩማው ላይ አኑረው። አንተ ካልተቀመጥክ እሱ ይቀመጥ።

ዘርጋው፦ አባባ፣ አሁን የመጨረሻውን ልንገርዎት። ትርንጎ «አባቴ እምቢ ካለ አላገባም» ብላለች። «የሥራ ውሌ ጥር ላይ ሲያልቅ አምባዬ እመለሳለሁ፤ ለምን እምቢ አልክ ብዬም አልጠይቀውም» ብላለች። እኔ ከዚህ እንደወረድኩ እደውልላታለሁ። እየጠበቀች ነው።

አሰግደው፦ እምቢ ካልኩ ትመጣለች?

ዘርጋው፦ ትመጣለች።

አሰግደው፦ አንዲት ቃል ብቻ?

ዘርጋው፦ አንዲት ቃል።

አሰግደው፦ ሳትቀየመኝ?

ዘርጋው፦ እሱን አላለችም።

አሰግደው፦ አትለኝማ። እናቷን መስላ! የእናቷ ዝምታ ነው የገደለኝ እኮ።

ዘርጋው፦ ምን ሆነው ነበር?

አሰግደው፦ እናቷን ዘነቡን ከቆላ ነው ያመጣኋት፣ ሎሚና ሸንኮራ ከሚበቅልበት። አባቷ «ልጄን እዚያ ደመና ውስጥ ወስደህ ማን ያይልኛል?» አሉኝ። «በየዓመቱ ለመስቀል ይዣት እወርዳለሁ» ብዬ ማልሁ። ሽማግሌዎቼ ሦስቱም ሰምተዋል።

ዘርጋው፦ ወረዱ?

አሰግደው፦ ሁለት መስቀል ወረድን። በሦስተኛው እርጉዝ ነበረች። በአራተኛው ገብሱን አረም ዋጠው። በአምስተኛው ምክንያትም አልፈለግሁ።

ዘርጋው፦ እሷስ ምን አለች?

አሰግደው፦ ምንም! አባቷ ሲሞቱ ክረምት ነበር፤ መንገዱ ተንዶ መርዶው በአራተኛው ቀን ደረሰ። ቀብራቸው አመለጣት። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ ምናለ? ተነሥታ ለበጎቹ ሣር ሰጠች። እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን አላነሣችብኝም። ወንድሟ ፈንታው መጥቶ አፈር አለበሳትና ሳይሰናበተኝ ወረደ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነን፣ አንነጋገርም። እኔም ከዚህ አምባ አልወረድኩ።

ዘርጋው፦ አይዞዎት አባባ።

አሰግደው፦ አይዞህ አትበለኝ፣ ያጠፋሁ እኔ ነኝ። ልጁ ምን በል ብሎ ላከህ?

ዘርጋው፦ «በየዓመቱ አመጣታለሁ በልልኝ» ብሏል።

አሰግደው፦ እሱን እንዳትነግረኝ።

ዘርጋው፦ ታዲያ ምን ልበል?

አሰግደው፦ እውነቱን በላ! የምታመላልሰው አንተ አይደለህ? ትመጣለች?

ዘርጋው፦ በአራት ዓመት አንዴ። ባሕሩም ብሩም ከፈቀደ።

አሰግደው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ዘርጋው፦ እንደሱ ነው። ከርቀቱ ላይ አንዲት ክንድ አልቀንስልዎትም። ግን እኔ በሦስት ወር አንዴ አያታለሁ። ወጥ ቤት ነኝ፤ ሰው ሲከፋው አበላሉ ላይ አውቃለሁ። ትርንጎ ድንቿን ገፋ ካደረገች በዚያው መርከብ አሳፍሬ አመጣታለሁ። ካፒቴኑ እምቢ አይለኝም፣ የሚበላው ከእጄ ነው።

አሰግደው፦ ጡረታ ስትወጣስ?

ዘርጋው፦ ስምንት ዓመት ይቀረኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ልዋሽዎት አልችልም።

አሰግደው፦ ስምንት ዓመት። እኔም ከዚያ በላይ አልለምንም። ዋስ ትሆናለህ?

ዘርጋው፦ እሆናለሁ።

አሰግደው፦ ይሄን ስትደርስ ብትለው ኖሮ ጉልበትህ ያርፍ ነበር።

ዘርጋው፦ እሺ አሉ ማለት ነው? ልቀመጥ?

አሰግደው፦ ቆይ! የእናቷ ወገን ሳይጠየቅ ልጅ አትዳርም። ያለ አጎቷ ቃል እሺ ማለት አልችልም።

ዘርጋው፦ ፈንታው? ቆላ ድረስ?

አሰግደው፦ ቆላ ድረስ። አሁን ከተነሡ ለምሳ ይደረሳል።

ዘርጋው፦ አባባ፣ እኔን አያውቀኝም። ብቻዬን ከደጁ ብቆም…

አሰግደው፦ ብቻህንማ ውሻ ነው የሚለቅብህ። ሽማግሌ አንድ አይሆንም አላልኩህም? ያን ካልሲ ወዲህ በል።

ዘርጋው፦ ምን ሊያደርጉት?

አሰግደው፦ ቁልቁለቱ እግር ይልጣል። ዱላዬን አቀብለኝ፣ ከበሩ ኋላ ናት።

ዘርጋው፦ አሥራ አንድ ዓመት ያልተነጋገሩት ሰው ደጅ ሄደው ምን ሊሉት ነው?

አሰግደው፦ ምንም አልልም፣ አንተ ትናገራለህ፤ እኔ ካንተ ጎን እቆማለሁ። ተቀመጡ ይለናል። እንዳትቀመጥ።