የአያቴ የመጨረሻዋ ማጣሪያ

የተከበራችሁ ጎረቤቶች፣ ዘመድ ወዳጆች፣ ከኋላ በክብር የቆማችሁ ፕሮፌሰሮች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። የበሬንድ ኦልደንሆፍ የልጅ ልጅ ሂልከ ነኝ። አያቴ «ስቀበር ሂልከ ትናገር፤ ፕሮፌሰሮቹ ከጀመሩ ኬኩ ይደርቃል» ብሏል። ኬኩ ከቀብር በኋላ ነው። ስለዚህ አሳጥራለሁ።

አያቴ ማን ነበር? ቆሻሻ ውሃ የሚያጠራ ስስ ማጣሪያ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ፖሊመር የሚባል ፕላስቲክ ያሟሟል። በዓይን የማይታይ ግራፊን የሚባል የካርቦን ብናኝ ይጨምርበታል። መስታወት ላይ አፍስሶ በምላጭ ይስበዋል። ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። በቃ፣ ማጣሪያ። ቀላል ይመስላል? እሱም ሲጀምር ቀላል መስሎት ነበር።

ታዲያ ጽሑፎቹን ሁሉ በምን ነበር የሚጨርሰው? ፕሮፌሰሮች ታውቁታላችሁ፤ እናንተም የምትጨርሱት በዚያው ነው። «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል።»

ቤትም ያው ነው። ሚስቱ እማማ ትሩስ የአተር ሾርባ ትሠራለች። ይቀምሳል። ጣሪያውን ያያል። «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ይላል፤ ሳህኑንም እንዲጨመርለት መልሶ ያቀርባል። ግን ቃሉን ከማን ተማረ? እንጋባ ብሎ ሲጠይቃት «በሬንድ፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» ያለችው እሷ ናት። ሁለት ዓመት አጠናችው። እማማ፣ አትሳቂ፤ እውነት ነው።

ምላጩ ሲሳብ መተንፈስ ክልክል ነበር። የትንፋሽ እርጥበት ማጣሪያውን ይበሳዋል ይል ነበር። አስቡት እስቲ፤ ሽበታም ሰዎች ጉንጫቸውን ነፍተው፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ አንዲት ምላጭ ላይ አፍጥጠው። ባለፈው ክረምት አያቴ የመጨረሻዋን ማጣሪያ ሲስብ አንድ ሰው አስነጠሰ። ማን? የሥራ ባልደረባውና ጎረቤታችን ጋሽ ኤቨርት፤ ዛሬ ሣጥኑን ከፊት የተሸከመው።

«በሳህብኝ» አለ አያቴ።

«ምኑን? ሳላስነጥስም ብናኝህ እንደ ገንፎ ዱቄት ጓጉሏል።»

«አንተ አፍንጫህን ያዝ።»

«አንተ አፍህን።»

ተኮራረፉ። ማጣሪያዋን በማይክሮስኮፕ ማየት ብቻ ነበር የቀረው። ግን ማን ይይ? አንዱ «እሱ ይይና ይፈር» ይላል። ሌላው «እሱ ይይና ይቅርታ ይጠይቅ» ይላል። ሁለት ዶክተሮች። እኔ እንዲህ ባደርግ ወደ ክፍልሽ ግቢ እባላለሁ። እማማ ትሩስ በአጥሩ ላይ መልእክት ስታመላልስ ከረመች፤ «በሬንድ፣ ቅርንጫፍህን ቁረጥ ብሎሃል።» «እሱ ምላሱን ይቁረጥ በይው።»

አያቴ ሆስፒታል ተኝቶም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «ያ አፍንጫም አየ?» አላየም። አያቴ ሳያውቅ ሄደ።

እኛ የትዌንተ አገር ሰዎች ግን ደንብ አለን። ሬሳ የሚሸከመው ጎረቤት ነው፤ ቢኳረፍም። ዛሬ ጠዋት ጋሽ ኤቨርት ጥቁር ጓንቱን እያጠለቀ ወጥ ቤታችን ገባ።

«ሂልከ፣ አየኋት» አለኝ።

«ማንን?»

«ማጣሪያዋን። በሞተ ማግስት። ቁራጯን እንደ ብስኩት እስክትሰበር አቀዘቀዝኳትና ውስጧን አየሁ። ቀዳዳ የለም። የጓጎለም የለም። ብናኙ እኩል ተዘርቷል። የቦዩን ቡናማ ውሃ ሰጠኋት፤ ጥርት አድርጋ መለሰችልኝ።»

«ሁለታችሁም ተሳስታችኋል ማለት ነዋ?»

ጓንቱን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀ። «እንግዲህ፣ ተጨማሪ...»

«ኤቨርት» አለች እማማ ትሩስ።

ሳቀ። ሲስቅ አለቀሰ። እማማ መሀረብ አቀበለችው፤ «በል አሁን እንደ ልብህ አስነጥስ፤ የሚበሳ ነገር የለም።»

አያቴ፣ ሰማህ? ማጣሪያህ ሠርታለች። ኩርፊያው አልቋል። ጋሽ ኤቨርት ሲሸከምህ ወደ ግራ አዘንብሎ ነበር፤ ይቅር በለው፣ ትከሻው ነው። ሾርባው ከነጉድለቱ ይናፍቅሃል፤ እኛ ደግሞ አንተ ከነጉድለትህ ትናፍቀናለህ። ጥሩ ሰው ነበርክ። ለዚህ ተጨማሪ ጥናት አያስፈልግም። ደህና ሁን።

አሁን ሣጥኑ ይወርዳል። ቀስ ብሎ፣ በእኩል ፍጥነት፣ እሱ ምላጩን እንደሚስበው። እናንተም እንደ ደንቡ ትንፋሻችሁን ያዙ።

ጋሽ ኤቨርት፣ አንተም።