ትንሿ ክኒን

(በአንድ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል ደጃፍ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፤ ረፋድ። አዳሙ ከስድስቱ ዙር ኬሞ ሦስተኛውን ሊወስድ መጥቶ ውስጥ ተኝቷል፤ ሚስቱ ስንዱና ታላቅ እህቱ እትዬ ተዋበች ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ለአራት ዓመት የተቋሰሉበትን ጠብ እዚህም ድረስ ይዘውት መጥተዋል፤ ስንዱ ግን ዛሬ ትዕግሥቷ አልቋል።)

ስንዱ፦ የነጠላዎን ጫፍ ይፍቱልኝ፣ እትዬ።

ተዋበች፦ ምን አልሽ?

ስንዱ፦ ቋጠሮውን። ቅድም ሲቀመጡ ሲንኮሻኮሽ ሰምቼዋለሁ። ብር እንደዚያ አይንኮሻኮሽም።

ተዋበች፦ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እኔን ከምትፈትሺ ለባልሽ ደህና ምግብ ብትሠሪለት ይሻልሽ ነበር። ለታማሚ ደረቅ ዳቦና ብስኩት ሲሰጥ ያየሁት ባንቺ ነው።

ስንዱ፦ ሐኪሙ ነው ያለው። ጥቂት ጥቂት፣ ደረቅ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሽታ የሌለው። እርስዎ በቅቤ ያበደ ዶሮ ወጥ ይዘው መጡ፤ ክዳኑን ከፍተው ሳይጨርሱ ሳፋ ይዤ ሮጥኩ።

ተዋበች፦ አቅም ይኑረው ብዬ ነው። ክንዱን አላየሽውም?

ስንዱ፦ አየሁት እንጂ። ሁለት ዙር ሙሉ ውሃ እንኳን አልረጋለትም። ለምለም የሚሉትን የጨውና የስኳር ዱቄት በጥብጬ በማንኪያ እያጠጣሁት ነው የከረመው። ጠዋት ነርሷ ምን አለችኝ መሰለዎት? የማስመለስ ማስታገሻ እየወሰደ እንዲህ የሚያስመልሰው ሰው ብዙ አላየሁም፣ ለመሆኑ ክኒኑን ይውጠዋል ወይ አለችኝ። ይውጣል፣ የምትሰጠው እህቱ ናት፣ አልኳት።

ተዋበች፦ ልክ ብለሻል።

ስንዱ፦ ቋጠሮው።

ተዋበች፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አሉ። እንኪ፣ ፍቺውና ዕረፊ።

ስንዱ፦ አሥራ አራት ክኒን። በየዙሩ ሰባት ነበር የታዘዘለት። አንዷም አልተነካችም።

ተዋበች፦ አልጣልኳቸውም። መድኃኒት አይጣልም።

ስንዱ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምቻለሁ። መድኃኒቱን የሚደብቅ ግን ዛሬ አየሁ።

ተዋበች፦ ቀስ በይ፣ ይሰማናል።

ስንዱ፦ ይስማ። ለምንድን ነው?

ተዋበች፦ በሽታው አብሮ እንዲወጣለት ነዋ። ስምንት ዓመቱ ሳለ ለዘር የተቀመጠ፣ የነቀዝ መድኃኒት የተነሰነሰበት በቆሎ ቆረጠመ። አባታችን ገበያ፣ እናታችን ለቅሶ ሄደው ነበር። ሆዴን ብሎ መሬት ሲንከባለል ጣቴን ጉሮሮው ድረስ ሰድጄ አስተፋሁት። ሐኪም የለ፣ ወረቀት የለ። ያን ቀን ባላስተፋው ኖሮ ዛሬ አንቺ ባል ብለሽ የምትጠሪው አይኖርም ነበር።

ስንዱ፦ ያኔ መርዙ ሆዱ ውስጥ ነበር። ኬሞው ግን የገባው በደም ሥሩ ነው። አስመልስ የሚለው ጭንቅላቱ እንጂ ሆዱ አይደለም፤ ክኒኗ እሱን ነበር ዝም የምታሰኘው። ካንሰር በሳፋ አይወጣም፣ እትዬ። የወጣው ውሃውና ጨዉ ነው። ኩላሊቱ ሳይቀር እየደከመ ነው አሉኝ።

ተዋበች፦ ትልልቆቹን አንድም አላጓደልኩበትም። ያስቀረሁት ትንሿን ብቻ ነው። ማስመለስ ክፉ ከሆነ ጸበል የጠጣ ሰው ካስመለሰው በኋላ ለምን ቀለል ይለዋል?

ስንዱ፦ አዳሙን ቀለል አለው?

ተዋበች፦ አንዳንዴ ይተኛል።

ስንዱ፦ ደክሞት ነው። እኔን ምን ሲሉኝ እንደከረሙስ ረሱት? ወጡ ውስጥ ምን ጨምራበት ይሆን ብለው ለዘመድ ሁሉ አወሩ። አጎታችሁ ኩሽናዬ ድረስ ገብተው ድስቴን ከፍተው አሸተቱ። እኔ ቆሜ እያየሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ተዋበች፦ ብያለሁ፤ አልክድም። አሁንም አልወድሽም። ግን እሱን ልጎዳ አስቤ አላውቅም።

ስንዱ፦ አውቃለሁ። አስበው ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

ተዋበች፦ እንግዲህ ሆነ። ከዛሬ ጀምሮ አንቺው ስጪው። ውሰጃቸው።

ስንዱ፦ የቱን ልስጠው? ኬሞውንም አልፈልግም ብሏል።

ተዋበች፦ ማን?

ስንዱ፦ አዳሙ ነዋ። ጠዋት እርስዎ ሳይመጡ። ሁለቱ ዙር እንዲህ ካደረገኝ የቀሩትን አራቱን አልችልም፣ ቤቴ ወስዳችሁ ቅበሩኝ አለ። ሐኪሙ ቁጭ ብሎ ለመነው፤ ከጨረስከው የመዳን ዕድልህ ትልቅ ነው፣ ካቋረጥከው ግን ምንም ቃል አልገባልህም አለው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ከምሳ በኋላ መኪና ፈልጊልኝ ብሎኛል።

ተዋበች፦ እና ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢና ንገሪው እንጂ። ክኒኗ ቀርታ ነው እንጂ እንዲህ አይከፋም ነበር በይው።

ስንዱ፦ እኔ? ስለእርስዎ አንድ ቃል ስተነፍስ እህቴን አትንኪ ነው መልሱ። ይሄን ብነግረው ራሴ ቋጥሬ ያመጣሁት ነው የሚመስለው። ከእርስዎ አፍ ካልሰማው አያምንም።

ተዋበች፦ እኔማ አልችልም።

ስንዱ፦ ሐኪሙ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የሚጠብቀን።

ተዋበች፦ ስንዱ፣ ስሚኝ። እናታችን ከሞተች ወዲህ እናቱ እኔ ነኝ። ልጅ የለኝ፣ ሌላ ሰው የለኝ። ይሄን ካወቀ ሁለተኛ ከእጄ ውሃ አይጠጣም።

ስንዱ፦ ይኑርና አይጠጣ።