እጅጌ የሆነው በጀት

ሰው ላላነበበው ወረቀት ለምን ያጨበጭባል? ባሕር ማዶ ተምሬ ከተመለስኩ ወዲህ ይህ ጥያቄ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ሙሉ መልሱን ዛሬም አላገኘሁም። ጥቂት የተጠጋሁት አንድ ማክሰኞ ሱሪዬን ላሳጥር አጎቴ ዘንድ ብቅ ባልኩ ጊዜ ነው።

አጎቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የከተማችን ምክር ቤት አባልም ናቸው። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የክልሉ ውኃ ድርጅት የመጪው ዓመት በጀት ተቀምጧል፤ ጨርቁ እንዳይንሸራተት ተጭኖበታል።

«ጋሼ፣ ይህን አነበቡት?»

«ሐሙስ ይጸድቅ የለ? ምን ያደርግልኛል!» አሉ፣ መርፌ በከንፈራቸው እንደያዙ። «እነሱ ከየከተማው የመዋጮ ጭማሪ ይጠይቃሉ፣ እኛ እናጨበጭባለን።»

«የከተማችን ድርሻስ ከየት ይመጣል?»

መርፌዋን ከአፋቸው አወጡ። «ሁለተኛ አዋላጅ ልንቀጥርበት ካሰብነው ገንዘብ።»

ያለፈው ወር ልጃቸው ስታምጥ የጤና ጣቢያው ብቸኛ አዋላጅ በሁለት አልጋ መካከል ስትሮጥ እንደዋለች ሁለታችንም እናውቃለን።

«ታዲያ ለምን አይጠይቁም?»

«በጀቱን ይዘው የሚመጡት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እንግዳችን ናቸው። ያን ሁሉ መንገድ የመጣን ሰው ‹አስረዳ› ማለት ‹ሌባ ነህ› ማለት ነው። ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረስ?»

«እሱን ነው ባሕር ማዶ ያስተማሩህ?»

«እህትዎ ናት ያስተማረችኝ።»

«እሷማ ከልጅነቷም ጠበቃ ነበረች!» ብለው ሜትራቸውን ከወገቤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዘረጉ።

«አሁን ሲለኩኝ ሌባ ነህ እያሉኝ ነው?»

«መለካት ስድብ ነው እንዴ?»

«መጠየቅስ?»

አጎቴ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ጨርቅ ዘወር ብለው፣ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር የእጅጌ ቅድ፣ ጨርቅ የሚቆርጡበትን የወረቀት ልክ፣ አወረዱ። ወረቀቱ ላይ የታተመ ጽሑፍ አየሁ።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«የአምናው በጀት ነዋ። እንዲህ ያለ ወፍራም ወረቀት በነፃ ከየት ይገኛል?»

ልቆጣ ነበር፤ ግን የማወቅ ጉጉቴ ቀደመኝ። ክርኑ ላይ «ለምሥራቁ ጉድጓድ አዲስ ፓምፕ መግዣ» ይላል። አዲሱን በጀት ገለጥኩ፤ ያው ጉድጓድ፣ ያው ፓምፕ።

አጎቴ መነጽራቸውን አጠለቁ። ደጋግመው አነበቡ። ከዚያ እኔ ሳልነግራቸው ወደ ሚስማሩ ሄደው ቅዶቹን ያገላብጡ ጀመር። «የካቻምናው ኮሌታ ሆኗል... ይኸው! እዚህም ፓምፕ!»

«ሌቦች ናቸው!» አልኩ።

«ቆይ፣ አትቸኩል። ተገዝቶ ተበላሽቶ ይሆናል። ጨርሶ ሳይገዛም ቀርቶ ይሆናል። እኔ አላውቅም፤ ስለማላውቅ እጠይቃለሁ። አስሬ ለክቶ አንዴ መቁረጥ የኔ ሥራ አይደል?»

እኔ ለመክሰስ ስጣደፍ፣ መጠየቅን ያስተማሩኝ እሳቸው ሆኑ።

ሐሙስ ዕለት በምክር ቤቱ አዳራሽ አጎቴ እጅጌውንና ኮሌታውን ይዘው ተነሡ። «ጌታዬ፣ አክብሬዎት ነው የምጠይቀው። ይህ ፓምፕ የት ነው ያለው?»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቁም፤ «በጽሑፍ ጠይቁን፣ በጽሑፍ እንመልሳለን» አሉ።

ምክር ቤቱ ጭማሪውን እስከ መልሱ አቆየው። ከእንግዲህ በጀት ከስብሰባው ሁለት ሳምንት ቀድሞ እንዲደርስና ከአምናው ጋር ጎን ለጎን እንዲነበብ ተወሰነ። እንግዳን ማክበር ያመጣውን ወረቀት አንብቦ መጠበቅ መሆኑን ከተማችን እንዲህ ተማረች። ፓምፑ ካለ ጥያቄው ድርጅቱን ከሐሜት ያድነዋል፤ ከሌለም ከተማውን ከሌላ ጭማሪ ያድናል። ሳይከፈል በቆየው ገንዘብ ሁለተኛዋ አዋላጅም ሥራ ጀምራለች።

የጥያቄውን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ በማኅተም ተልኳል። አምስት ወር አለፈው፤ መልስ የለም። ቅጂው ከአጎቴ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፤ ለኪስ ቅድ ይሆን ነበር። እስካሁን ግን መቀስ አላስነኩትም።