ድንች የላጠችው ኢንጂነር

ጥብሱ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ። ከምድጃው አጠገብ የቆማችሁ ሰዎች ዓይናችሁን ስላየሁ ነው ቃል የምገባው። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እኔ ዙልማ ነኝ፤ የሁለተኛው ፈረቃ ኃላፊ። ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት ኢንጂነር ኔሊዳ ቤርቶሎቲ ደግሞ ያቺ፣ ከአሁኑ መሐረብ ያወጣችው ናት። አንቱ ልላት አስቤ ተውኩት፤ አንቱ ስትባል “ማን መጣ?” ብላ ወደ ኋላዋ ትዞራለች።

ኔሊዳ ወደዚህ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ጣቢያ የመጣችበትን ቀን የወጥ ቤት አለቃው ዶን ኤቫሪስቶ እስኪሞት ሲያወራው ኖሯል። የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት ነው። የበሩ ጥበቃ ሴት ሲያይ “አዲሷ ወጥ ሠሪ መጣች” ብሎ ወደ ወጥ ቤት ሰደዳት። ዶን ኤቫሪስቶም ቢላና አንድ ጆንያ ድንች ሰጣት። እሷስ? ቁጭ ብላ ላጠች! ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው ቀና ያለችው።

“ይቅርታ ጌታዬ፣ ሪአክተሩ በየት በኩል ነው?”

“ሪአክተር ምን ያደርግልሻል?”

“ኢንጂነር ነኝ።”

“ታዲያ ለምን ትልጫለሽ?”

“ፈተና መስሎኝ ነዋ!”

ፓምፖቹን ሁሉ በአክስቶቿ ስም እንደምትጠራ ታውቃላችሁ። አንድ ጠዋት የካቻቢቴዋን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ “አክስት ክሎቲልዴን ሳል ይዟታል” አለች። ወጣቶቹ ኢንጂነሮች ኮምፒውተራቸውን አይተው “ደህና ናት” አሉ። ስንከፍተው መዘውሩ የሚዞርበት ኩሽኔታ ተበልቶ አልቋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ እነሱም “አክስታችን እንዴት አደረች?” እያሉ ነው የሚገቡት።

የትምህርት ቤት ልጆች ሊጎበኙን ሲመጡ ደግሞ አንዷ ልጅ “ደሞዙ ስንት ነው?” አለች። ዳይሬክተሩ ሳል ጀመራቸው። ኔሊዳ ግን፣ “እንደ ጥርስ ሐኪም አይከፈልሽም፤ ግን የሰው አፍ አይሸትሽም። ፈቃድ አውጥተሽ መቆጣጠሪያ ክፍል ከገባሽ ይጨምራል። የፈረቃ ኃላፊ ስትሆኚ ደግሞ በደንብ ይጨምራል፤ እንቅልፍ ግን የለም። ዙልማን እያት!” አለቻት። ሠላሳ ልጆች ዞረው አዩኝ። ያን ቀን ፀጉሬን አላበጠርኩም ነበር።

አሁን ቀልዱን ትንሽ ልተወው።

የአገራችን ገንዘብ ፔሶ ዋጋው በቀለጠበት ዓመት እኔ በያጅ ነበርኩ። ኢንጂነሮቻችን ግማሾቹ አገር ጥለው ሄዱ፤ ግማሾቹ ታክሲ ነዱ። ኔሊዳ እኔን ጨምሮ ስድስት ሠራተኞች መርጣ፣ ከሥራ በኋላ ለመቆጣጠሪያ ክፍል የፈቃድ ፈተና ታስጠናን ጀመር።

“እኔ ፊዚክስ አላውቅም” አልኳት።

“ብየዳ ምን መሰለሽ? ፊዚክስ እኮ ነው! ማንም አልነገረሽም እንጂ።”

ባለፈው ሳምንት መሳቢያዋን አብረን ስናራግፍ ያኔ ከካናዳ የተጻፈላት የሥራ ጥሪ ደብዳቤ ወጣ። የደሞዟን ስድስት እጥፍ፣ ከነመኖሪያ ቤቱ፤ ጥር ላይ እንድትገባ። ከሥሩ የመልሷ ግልባጭ አለ፦ “አመሰግናለሁ። ስድስት ተማሪዎች አሉኝ፤ ፈተናቸው መጋቢት ነው። ከዚያ በፊት አልችልም።” እነሱም ሌላ ሰው ቀጠሩ።

“ለምን አልነገርሽንም?” አልኳት።

“ብነግራችሁ ደንግጣችሁ ፈተናውን ትወድቁ ነበር።”

አለፍን፤ ከስድስታችን አንዱ ኦስማርም በሁለተኛው ሙከራ አለፈ። የእኔ ደሞዝ ሦስት እጥፍ ሆነ። እሷ በዚያው ደሞዝ፣ በዚያችው ጎማዋ ባለቀ መኪና ቀጠለች። ኔሊዳ፣ ስንት ጊዜ ተቆጥተሽኛል፤ አንድም ቀን ግን “ለአንቺ ስል ቀረሁ” አላልሽኝም። ልጆቼ የተማሩት በዚያ ደሞዝ ነው። አመሰግናለሁ። በቃ፣ መሐረቡን ለእኔም አቀብዪኝ።

ብርጭቋችሁን አንሱ! ከሰዓት ፈረቃ ያላችሁ፣ እናንተ ሎሚ ውሃ፤ አይቻችኋለሁ። ኔሊዳ፣ ዕድሜሽ እንደ ዩራኒየም ይርዘም፤ ጨረሩ ግን ለጠላትሽም አይድረስ። ከእንግዲህ ስልክሽ ለብልሽት ሳይሆን ለግብዣ ብቻ ይጩህ። ጠዋት እስክትጠግቢ ተኚ፤ ጣቢያውን እኛ እንጠብቀዋለን፤ አስተምረሽናል።

ለኔሊዳ!