ለድልድዩ ዘበኛ ስለተወረወረው ጫት

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ፋጤ በክሪ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ጫት ነጋዴ
አድራሻ፦ አሰበ ተፈሪ ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ዓሊዩ ሙሜ የተባለው የድልድይ ዘበኛ፣ ድልድዩ መጎዳቱን እያወቀ ጫት በጉቦ ተቀብሎ መኪና አሳልፏል ተብሎ ስለታሰረ፣ እኔም መኪናው ውስጥ ስለነበርኩ የማውቀውን እንድናገር ተጠርቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

ነሐሴ 11 ቀን ጧት፣ ሞገስ ተክሌ በሚያሽከረክረው ፒካፕ ጫቴን ጭኜ ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሚኤሶ ተነሣን። ጫቱ ለድሬዳዋው ባቡር መድረስ ነበረበት። ባቡሩ ካመለጠ ይጠወልጋል፤ የጠወለገ ጫት ደግሞ ለፍየል ካልሆነ ለሰው አይሆንም። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ መንገዱ ጭቃ ነበር። ሞገስ ግን እንደ ልማዱ ይበራል፤ ቀስ በል ብለው አይሰማም።

ሚኤሶ ከመድረሳችን በፊት ካለው የወንዝ ድልድይ ስንቃረብ፣ ዘበኛው ከማዶ ድልድዩን በሩጫ አቋርጦ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁ። ሁለት እጁን እያወዛወዘ «ዻቢ! ዻቢ!» ይል ነበር፤ አቁም ማለቱ ነው። ለሞገስ «አቁም እያለህ ነው» አልኩት። እሱም «እትዬ ፋጤ፣ ጫቱን ፈልጎ ነው፤ ባቡሩ ያመልጠናል» አለኝ።

እዚህ ላይ ማስረዳት ያለብኝ ነገር አለ። በዚያ መንገድ የሚመላለስ የጫት መኪና ሁሉ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ለዘበኛው አንድ እስር በመስኮት ይወረውርለታል። ጉቦ አይደለም፤ ፀሐይ ላይ ለሚውል ሰው የሚሰጥ የመንገድ ወግ ነው። መኪናው አይቆምም፣ ዘበኛው እጁን ዘርግቶ ይቀልባል። ሞገስም እጁ ሲወዛወዝ ሲያይ ያው የተለመደው መሰለው። ከመቀመጫው ኋላ ከምርጡ ጫት አንድ እስር መዝዞ ወረወረለት። የኔን ጫት! ያውም ሳያስፈቅደኝ! «ማን ፈቀደልህ?» እያልኩ ስጮህበት ዘበኛው ከመኪናው ፊት ዘሎ ዳር ወደቀ፤ እኛም አለፍነው።

የፊት ጎማዎቹ ድልድዩ ላይ እንደወጡ ጫፉ ተደረመሰ። ለካስ ጎርፉ ከሥሩ አፈሩን ጠርጎት ኖሯል። መኪናው በአፍንጫው ተደፍቶ ተንጠለጠለ። ከታች ደፍራሽ ውኃ ይጋልባል። በጣም ፈራሁ፤ አለቀልኝ ብዬ ሸሃዳ ያዝኩ። ሞገስ እኔን ትቶ በበሩ ዘሎ ወጣ። ዘበኛው ግን ከአፋፉ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ክንዴን ይዞ በመስኮቱ ጎትቶ አወጣኝ። ወዲያው መኪናው ከነጫቴ ወንዝ ገባ። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለሞገስ ነው።

ከማዶ በኩል መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ እንደነበር ኋላ ሁላችንም አይተናል። ዘበኛው ያንን ዘግቶ የእኛን በኩል ሊዘጋ ነበር የሚሮጠው። በኤግዚቢትነት የተያዘው ጫት የኔ ነው፤ እስሩ እንኳ አልተፈታም፣ ጭቃ ላይ ነው የተገኘው። ሞገስ «ዘበኛው እለፉ ብሎን ነው» ማለቱን ከመርማሪው ሰማሁ። ወላሂ ሐሰት ነው! መንጃ ፈቃዱን ፈርቶ ነው እንጂ እሱም ያውቀዋል። ፊቴ ቆሞ ይበለው።

ተጠርጣሪው ዘመድሽ ነው ወይ ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ዘመዴ አይደለም። በዚያ ድልድይ ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ጫት ሲጣልለት አይቻለሁ፣ ቆሞ ስሙን የጠየቀው ሰው ግን አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም። ዓሊዩ መባሉን የሰማሁት ትናንት ነው፤ እዚህ ጣቢያ በር ላይ ልጅ አዝላ የቆመችው ሚስቱ ናት የነገረችኝ።

ይህ ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ከአፌ የወጣው ይኸው መሆኑን ሰምቼ፣ ሞገስ ባለበት በፍርድ ቤትም እደግመዋለሁ በማለት የግራ አውራ ጣቴን አሻራ አኑሬያለሁ።

የምስክር አሻራ፦ ፋጤ በክሪ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሃምሳ አለቃ አጥናፉ ደምሴ (ፊርማ)