አባቴ የጠጡት የወረቀት ውሃ

በእኛ ጊዜ እኮ፣ ልጆቼ፣ አቃቂ የሚነጋው ባቡሩ ሲጮኽ ነበር። አባቴ የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ፤ እኔ ደግሞ ጣቢያው አጠገብ አንድ አርመን መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ መጽሐፍ እሰፋለሁ። እንደ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው። ታዲያ ይህ ሙሴ ለመጽሐፍ ገበር የሚሆን ዥንጉርጉር ወረቀት ይሠራ ነበር። እንዴት መሰላችሁ? ተልባ ያፈላና ያጠልላል፣ ያንን ዝልግልግ ውሃ ዝርግ ሳህን ላይ ያደርገዋል፣ እና ቀለሙን በበሬ ሐሞት በጥብጦ ጠብ ያደርግበታል። አይሰምጥም እኮ! ይንሳፈፋል፣ ይሰፋል፣ ይሰፋል፤ በመርፌ ይስበውና ወረቀቱን ያለብሰዋል፣ ሲያነሣው ቀለሙ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ወጥቷል። ደመና ሲሄድ አይታችሁ የለ? ልክ እንደሱ። እኔ እዚያ ሳህን ላይ ካፈጠጥኩ ስሜን ቢጠሩኝም አልሰማ።

አባቴ ግን «ፋሲካ ሲውል ከዚያ ቤት ትወጫለሽ፤ ሴት ልጅ ቀለም ስታቦካ ውላ ምን ልትሆን ነው?» አሉኝ።  ለሙሴ ብነግረው «አንተ ሥራ! አባት አሳይ! አባት እንቢ፣ እኔም ዝም!» አለኝ፤ እኔን ሴቲቱን አንተ ነበር የሚለኝ። እና በብልቃጥ ሐሞት፣ ከሰማያዊና ከቀይ ቀለም ጋር ሰጠኝ። ጾም ነው፣ በሬ አይታረድ፤ ለቅበላ ከታረደው በአረቄ ያቆየው ነው።

ታዲያ ዓርብ ዕለት ተልባዬን አፍልቼ፣ አጥልዬ፣ እንዲበርድ በገበቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ወረቀት ላመጣ ጓዳ ገባሁ። አባቴ ከሥራ መጡ፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፣ እህል ውሃ አልቀመሱም። ስመለስ ገበቴውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ግጥም!

«ተባረኪ ልጄ! ለጾመኛ አባትሽ አሰብሽ! ብቻ አልቆላሽውም መሰል።»

 ምርቃቱ ጣፈጠኝ፤ ግን መዋሸት አላስቻለኝም።

«አባዬ፣ እሱ እኮ የወረቀቱ ነው።»

«የምን ወረቀት? ምን አለበት?»

«ተልባ ብቻ ነው። ሐሞቱ ገና ብልቃጡ ውስጥ ነው።»

«ሐሞት! በዐቢይ ጾም! በቤቴ!»

«ወረቀት ይጾማል እንዴ፣ አባዬ?»

እንዴት እንዳልመቱኝ! ቶሎ ብዬ የተረፈችውን ሳህን ላይ ገለበጥኩና፣ ቀለሙን በሐሞቱ በጥብጬ ሰማያዊ ጠብ፣ ቀይ ጠብ አደረግኩ። ሰማያዊው ሄደ፣ ሄደ፣ ቀዩ መሀሉ ላይ ፈካ። አባቴ አጎነበሱ። ባቡሩ ጮኸ፤ ባቡር ጮኾ ቀና ሳይሉ የማያልፉ ሰው፣ ያን ቀን ቀና አላሉም።  ሁለታችንም እዚያ ቀለም ውስጥ ገብተን የጠፋን ይመስለኛል፤ ዛሬም ሳስበው ሕልም ይሁን እውን እንጃ። ከዚያ ወረቀቴን አለብሼ ባነሣው ግማሹ ባዶ! ማልቀስ ጀመርኩ።

«ምን ሆንሽ?»

«ውሃው አልበቃኝም፤ ጠጡታ!»

 ተነሡና፣ ጓዳ ገብተው የማያውቁት ሰውዬ፣ ጓዳ ገብተው ተልባውን በሰፌድ ይዘው ወጡ። ቁጭ ብለው ገለባውን እፍ እያሉ ይለቅሙ ጀመር።

«ስንት እፍኝ ነው የሚፈላው?»

«አባዬ፣ ፋሲካስ?»

«ስንት እፍኝ ነው ያልኩሽ!»

ሃሃሃ! እሺ የሚል ቃል እስኪሞቱ ድረስ ካፋቸው አልወጣም እኮ። እኔም ዓይኔ እስኪደክም ስሠራ ኖርኩ፤ ተልባዬን የሚለቅሙልኝ ግን እሳቸው ነበሩ።